ግዙፍ እንሽላሊት በዱር ለማየት የት ልሂድ? ኮሞዶ፣ ባንኮክ፣ ጋላፓጎስ ወይስ ጫሞ

ባለፈው ቡና ላይ ቁጭ ብለን አንድ ጓደኛዬ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየኝ። ኮሞዶ ድራገን ጎሽ ነክሶ ከኋላ ከኋላው ሲከተል። "ገንዘብ አጠራቅሜ ይሄን በዓይኔ ማየት አለብኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "ይሄን እንኳ አታየውም" አልኩት። "አንተ የምታየው ጥላ ሥር ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ የተኛውን ነው።" ቅር አለው። ሁለተኛው ቡና እስኪመጣ ድረስ ዝም አለኝ።

ግን እውነቴን ነው። እንዲህ ያለውን ትዕይንት የሚቀርጹ ባለሙያዎች ቦታው ላይ ሳምንታት ይከርማሉ። መንገደኛ ግን ደሴቲቱ ላይ የሚቆየው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ "ትልቁ የት አለ?" ብሎ መነሳት ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ስታገኙት ምን ሲያደርግ ማየት ትፈልጋላችሁ? ተኝቶ? ሲዋኝ? ሲበላ? ወይስ ገና ድምፃችሁን ሲሰማ ላጥ ሲል? መልሳችሁ አገሩን ራሱ ይመርጥላችኋል።

ወደ ቦታዎቹ ከመሄዳችን በፊት ዝምድናውን እናጥራ። ኮሞዶ ከሰማይ የወረደ ፍጡር አይደለም፤ አርጃኖ ነው። እኛ አገር ወንዝና ሐይቅ ዳር የምናውቀው አርጃኖ የአጎቱ ልጅ ማለት ነው። የባንኮኩም እንዲሁ። ረጅም አንገት፣ እንደ እባብ መንታ የሆነ ምላስ፣ እንደ አለንጋ የሚወናጨፍ ጅራት፤ የቤተሰቡ መልክ ይኸው ነው። ጋላፓጎስ በሚባሉት የኢኳዶር ደሴቶች የሚኖሩት ኢጉዋናዎች ግን ሌላ የእንሽላሊት ዘር ናቸው። ከሞላ ጎደል ሥጋ አይነኩም።

አዞን እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም። ብዙ ሰው ትልቅ እንሽላሊት ይመስለዋል። አይደለም። በዝምድና ከሄድን አዞ ከአርጃኖ ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ለማመን የሚከብድ ነገር ነው፤ ግን የሥነ ሕይወት ሰዎች በዚህ አይከራከሩም።

ኮሞዶ፦ ትልቁ፣ ውዱ፣ እንቅልፋሙ

ስሙ ላይ ትንሽ ልበል። "ድራገን" ሲባል ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ በጦር የወጋው ደራጎን ፊታችን ላይ ይደቀናል። የአካባቢው ሰው ግን "ኦራ" ነው የሚለው። ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ፒተር ኦወንስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው ጽፎ ያስተዋወቀው።

ትልቁ ወንድ ሦስት ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ተለክቶ የተመዘገበው ትልቁ 3.13 ሜትር ሲሆን 166 ኪሎ መዝኗል፤ ሆዱ ውስጥ ያልተፈጨ ምግብ እንደነበረ ግን አትርሱ። በአንድ ማዕድ የራሱን ክብደት 80 በመቶ ያህል ሊውጥ የሚችል እንስሳ ስለሆነ ሚዛን ላይ ሲወጣ እንዲህ ያጭበረብራል።

የሚኖረው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ብቻ ነው። ኮሞዶ፣ ሪንቻ እና አጠገባቸው ያሉ ትንንሽ ደሴቶች፣ ከዚያም የፍሎሬስ ደሴት አንዳንድ ክፍሎች። የኮሞዶ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1980 ተቋቋመ፤ በ1991 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እንስሳው ራሱ በ2021 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የባሕር ከፍታ መጨመር ቆላማ መኖሪያውን ይወስድበታል የሚል ስጋት አለ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከባሊ ወደ ላቡዋን ባጆ፣ የፍሎሬስ የወደብ ከተማ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ትበራላችሁ። ከዚያ በጀልባ። ፈጣን ጀልባ ተሳፍሮ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ወይም እዚያው ጀልባ ላይ እያደሩ ሁለትና ሦስት ቀን መዞር። ሆድ የሚረበሽበት ሰው ካለ ፈጣኑን ጀልባ ደግሞ ያስብበት፤ በማዕበል ላይ ሲነጥር አንጀት ይገለብጣል።

ሪንቻ ወይስ ኮሞዶ ደሴት? እኔ ሪንቻን እመርጣለሁ። ለላቡዋን ባጆ ይቀርባል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ እንስሳው አይደበቅም። ሎህ ቡዋያ በሚባለው መግቢያ ላይ በቅርብ ዓመታት ከመሬት ከፍ ያለ የእግር መተላለፊያ ተሠርቷል። ሰውየው ከላይ፣ ኮሞዶው ከታች። ለልጆችና ለአረጋውያን ጥሩ ነው፤ ለእኔ ግን ትንሽ የአራዊት መጠበቂያ ግቢ አስመስሎታል። መሬት ረግጦ መሄድ የሚወድ ሰው ኮሞዶ ደሴት ላይ ሎህ ሊያንግ ይሂድ። እዚያ አጭርም ረጅምም የጫካ መንገድ አለ።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጀልባው ስንወርድ የፓርኩ ጠባቂ ተቀበለን። በእጁ ጠመንጃ አይደለም የያዘው፤ ባላ ነው። ልክ እኛ አገር እሾህ ለማጠር የምንይዘው ዓይነት፣ ጫፉ ሁለት የሆነ እንጨት። ኮሞዶው ቢመጣ አንገቱ ላይ አሳርፎ ይገፋዋል። "ይሄ ብቻ?" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ወሰደንና ከእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ቤት አሳየን። የጠባቂዎቹ ማብሰያ ቤት ነው። ከሥሩ አራት ኮሞዶ ተዘርግተዋል። የዓሣው ጠረን ነው የሳባቸው። አንዱ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ቢጫ ምላሱን አውጥቶ አየሩን ሁለቴ ቀመሰ። መልሶ ዓይኑን ከደነ። አበቃ። ያ ሁሉ በረራ፣ ያ ሁሉ ማዕበል ለዚህ ነበር።

ቅር ይላል? ትንሽ ይላል። ግን ሦስት ሜትር የሚያህል እንስሳ አምስት እርምጃ ላይ ሲተነፍስ ማየት ሌላ ነገር ነው። የጎኑ ቆዳ እንደ ቆየ ጆንያ ይሸበሸባል። ጥፍሩ ረጅም ነው። ልባችሁ ራሱ ያውቀዋል።

ድሮ እንኳን ነገሩ ሌላ ነበር። ለጎብኚ ሲባል ፍየል ይታረድላቸው ነበር። በ1990ዎቹ ቀርቷል። ደግ ተደረገ፤ ሰው ሲያዩ ምግብ የሚጠብቁ ኮሞዶዎች መኖራቸው ለማንም አይበጅም።

"ይተኛል" ማለቴ አያዘናጋችሁ። ሲፈልግ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በ2017 አንድ የሲንጋፖር ጎብኚ ሲበሉ ፎቶ ላንሳ ብሎ በጣም ተጠግቶ እግሩን ተነክሷል። ድሮ የሚገድለው የአፉ ባክቴሪያ ነው ይባል ነበር። በ2009 የወጣ ጥናት ግን መርዝ አመንጪ እጢ እንዳለው አሳይቷል። መርዙ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። የሞተ እንስሳ ጠረን በአራት ኪሎ ሜትር ርቀት ያገኛል። የደማ ቁስል ያለበት ሰው፣ ወር አበባ ላይ ያለች ሴትም ብትሆን፣ ለጠባቂው ቀድሞ መናገር የተለመደ ነው። አታፍሩ፤ ለራሳችሁ ነው።

ወቅቱን በደንብ ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ የእርቢ ጊዜያቸው ስለሆነ ወደ ጫካ ይገባሉ፤ ብዙ ሰው የሚጎርፈውም ያኔ ነው። ሁለት ጊዜ መክሰር ማለት ይኼ ነው። ጥርና የካቲት ዝናብና ማዕበል ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ ወይም ከመስከረም እስከ ኅዳር ቢሆን ይሻላል። ግልገሎቹ የሚፈለፈሉት በሚያዝያ አካባቢ ነው። ወዲያው ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ፣ የገዛ ዘመዶቻቸው፣ ይበሏቸዋል። ስለዚህ ወደ ላይም ተመልከቱ።

ገንዘቡስ? የፓርክ መግቢያ፣ የጠባቂ ክፍያ፣ ጀልባ፣ የአገር ውስጥ በረራ። እየተደራረበ ይመጣል። በ2022 መንግሥት መግቢያውን ወደ 3.75 ሚሊዮን ሩፒያ፣ ማለትም 250 ዶላር ገደማ፣ ሊያደርስ ብሎ የላቡዋን ባጆ አስጎብኚዎች ሥራ አቁመው ነበር። ዕቅዱ ቀረ። ዋጋው ግን የሚለዋወጥ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ከአንድ አስጎብኚ ጋር "ሁሉም ተካቷል" ተባብለን ከፍዬ ወደቡ ላይ ስደርስ "የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው፣ ያውም በጥሬ ሩፒያ" ተባልኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ባንክ ማሽን ፍለጋ ሩጫ። "ሁሉም" ማለት ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ አስይዙ።

ባንኮክ፦ ከተማ መሀል፣ በነጻ

አሁን ወዳጄን ወዳስገረመው እንምጣ። ዱር እንስሳ ሲያድን ማየት የሚፈልግ ሰው ጫካ ሳይሆን ሉምፒኒ መናፈሻ ይሂድ። ባንኮክ መሀል ነው። በዙሪያው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ። የምድር ባቡር በሩ ላይ ያወርዳችኋል። መግቢያ አይከፈልም።

እዚህ ያለው የውኃ አርጃኖ ነው። በትልቅነት ከኮሞዶ ቀጥሎ ይሰለፋል። መናፈሻው ውስጥ ሁለት ሜትር የሚያህሉ ማየት የተለመደ ነው። በርዝመት ተለክቶ የተመዘገበው ትልቁ የስሪላንካው ካንዲ ላይ የተገኘ 3.21 ሜትር የሆነው ነው። ርዝመት ብቻ ቢሆን ኮሞዶን ይስተካከላል ማለት ነው፤ ክብደቱ ግን አይደርስበትም፤ ቀጠን ያለ ነው።

በአጥር የታሰሩ አይደሉም። ማንም አይቀልባቸውም። በኩሬው ውስጥ ያለውን ዓሣና ኤሊ፣ የሞተውንም ያገኙትንም ይበላሉ። በጣም ከመራባታቸው የተነሳ በ2016 ወደ 400 ደርሰው ነበር። የከተማው አስተዳደር አንድ መቶ ያህሉን ይዞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አሻገረ። የቀሩት እንደ ልባቸው ናቸው።

ማለዳ ሂዱ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በድምፅ ማጉያ ብሔራዊ መዝሙር ይለቀቃል። ሯጩ ይቆማል። ስፖርት የሚሠሩት እናቶች ይቆማሉ። ጋሪ የሚገፋው ይቆማል። መናፈሻው ሁሉ ቀጥ ይላል። እኔ በነበርኩበት ቀን አንድ ብቻ አልቆመም። ከኩሬው ወጥቶ፣ ውኃው ከሆዱ እየተንጠባጠበ፣ አፉ ላይ ጢም ያለው ዓሣ ጋድሞ፣ በቆሙት ሯጮች መሀል ቀስ ብሎ አቋርጦ ሄደ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እኔ ብቻ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የእንስሳው የታይኛ ስም "ሂያ" ነው። ለሰው ከተባለ ከባድ ስድብ ነው። ጣታችሁን ቀስራችሁ "ሂያ! ሂያ!" እያላችሁ እንዳትጮሁ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው የተሰደበ ሊመስለው ይችላል። ጨዋ ሰዎች "ብርና ወርቅ" የሚል ማለስለሻ ስም አውጥተውለታል።

ለእኛ ሰው ይህ ቦታ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ይበራል። ለልብስና ለዕቃ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ፕራቱናም አካባቢን እንደ መርካቶ ነው የሚያውቁት። ከዚያ ሉምፒኒ በታክሲ ቅርብ ነው። ዓመት ሙሉ ተመላልሰው አንድም ቀን ያልገቡ አውቃለሁ። በእርግጥ ካርጎ የሚያስጨንቀውን ሰው "አርጃኖ እይ" ማለትም ይከብዳል።

ጉዳቱስ? ዱር አይመስልም። ከኋላው ሕንፃ፣ ከጎኑ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ፎቶው ላይ ይሄን ካልወደዳችሁት ሲንጋፖር ሱንጌ ቡሎህ የሚባል የማንግሮቭ ጥብቅ ቦታ አለ። እዚያም መግቢያ የለውም። እንስሳው ያው ነው፤ አካባቢው ግን ጭቃ፣ ሥር፣ ወፍ። የባሕር አዞም ስላለ ከተሠራው መንገድ አትውጡ።

ጫሞ፦ የራሳችን አርጃኖ

እዚህ ላይ ለአገሬ ላዳላ እችላለሁ፤ አላደርገውም። አርጃኖን ብቻ ብላችሁ አርባ ምንጭ ከሄዳችሁ ልትናደዱ ትችላላችሁ። ምክንያቱም የእኛ አርጃኖ ይሸሻል። የባንኮኩ አርጃኖ ሰው ለምዷል፤ የእኛው ሰው ያውቃል።

ጫሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፕሌንም አለ። ጀልባ ተከራይቶ ወደ "አዞ ገበያ"፣ አዞዎቹ ተሰብስበው ፀሐይ ወደሚሞቁበት ዳርቻ፣ መሄድ ነው። ሁሉም ሰው ካሜራውን አዞው ላይ ይደግናል። እውነትም አምስት ሜትር የሚሞላ አዞ ሲያዩ ሌላ ማየት ያስቸግራል። አርጃኖን የፈለገ ሰው ግን ዓይኑን ወደ ሸምበቆውና ወደ ዳርቻው ድንጋይ ያዙር።

እኔ በነበርኩበት ጊዜ ጀልባ ነጂው ሞተሩን ቀነሰና በአገጩ ጠቆመኝ። ምንም አላየሁም። "ግንዱ ላይ" አለኝ። ግንድ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ግንዱ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ጥቁር ቡናማ፣ ጀርባው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ በመስመር በመስመር። ሰማያዊ የመሰለ ምላስ ብልጭ። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ጠብ ሲል ሰማሁ። ውኃው ላይ የቀረው ክብ ሞገድ ብቻ ነበር። "ሄደ" አለ ነጂው፤ ሞተሩን መልሶ አስነሳ። ዐሥር ሰከንድ ብትሆን ነው። ከኮሞዶዎቹ ይልቅ በልቤ የቀረው ግን እሱ ነው።

መጠኑ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ነው። የአፍሪካ ረጅሙ እንሽላሊት እሱ ነው። ሥራው ደግሞ ድፍረት ነው፦ የአዞ እንቁላል ይሰርቃል። እናቲቱ ዘወር ስትል ቆፍሮ ያወጣል። የራሱን እንቁላል ግን ማን እንዳይነካበት ያውቃል። ሴቷ ኩይሳ ትቦረቡርና ውስጡ ትጥላለች። ምስጦቹ ቀዳዳውን መልሰው ይደፍኑታል። ሙቀቱም እርጥበቱም የተመጠነ፣ በሩ የተዘጋ ቤት። ግልገሎቹ ከወራት በኋላ ዝናብ ኩይሳውን ሲያለሰልሰው ቆፍረው ይወጣሉ።

ጣና ላይም አለ። ባሮ ዳርም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሄዱበት ሌላ ጉዳይ ካላችሁ አርጃኖው ምርቃት ነው። ጫሞ ላይ ከአዞው፣ ከጉማሬው፣ ከነጭ ሣር ፓርክና ከአባያ ቀይ ውኃ ጋር ሲደመር ቀኑ ሙሉ ነው። መንገዱን ግን ያው እንደ ዘመኑ፤ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ይህንኑ እንስሳ በእርግጠኝነት፣ ረጋ ብሎ ማየት የፈለገ ሰው ቦትስዋና ቾቤ ወንዝ ወይም ኡጋንዳ መርቺሰን ፏፏቴ ቢሄድ ይሻለዋል። እዚያ በየቀኑ የጎብኚ ጀልባ ስለሚመላለስ ብዙም አይደነግጥም። ዋጋው ግን ከአርባ ምንጭ ጋር አይወዳደርም።

ጋላፓጎስ፦ ጾመኛው

እዚህ አልሄድኩም። ሳልዋሽ ልንገራችሁ፤ የምጽፈው ካነበብኩትና ከሄዱ ሰዎች ከሰማሁት ነው። ግን ከንጽጽሩ ሊቀር አይችልም፤ በዓለም ላይ ባሕር ውስጥ ገብቶ የሚመገብ ብቸኛው እንሽላሊት እዚያ ነው ያለው።

የባሕር ኢጉዋናው የሚበላው ከዓለት ላይ የሚግጠውን አልጌ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ። ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ በልቶ ሲወጣ በብርድ ደንዝዞ ነው። ጥቁር ዓለት ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጨው ስለሚበዛበት በአፍንጫው እንጥስ እያለ ይረጨዋል። በቅርብ የቆመ ሰው ድርሻው ይደርሰዋል። የሚገርመው ደግሞ ኤልኒኞ፣ ማለትም ባሕሩን የሚያሞቀው የአየር ለውጥ፣ መጥቶ አልጌው ሲጠፋ አካላቸው ይኮማተራል፤ መክሳት ብቻ አይደለም፤ ርዝመታቸው ጭምር እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ምግብ ሲመለስ መልሰው ያድጋሉ።

ከርዝመት አንጻር ከአርጃኖዎቹ ያንሳሉ፤ አንድ ሜትር ከትንሽ። ትልልቆቹ ኢሳቤላና ፈርናንዲና ደሴቶች ላይ ናቸው። የየብሱ ኢጉዋና ቢጫ ነው፤ እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል፤ በለስ ከነእሾሁ ይበላል። ሰሜን ሲሞር እና ደቡብ ፕላሳ ለእሱ ጥሩ ናቸው። ቮልፍ እሳተ ገሞራ ላይ የሚኖር ሮዝ ኢጉዋናም አለ፤ በሳይንስ ስም የወጣለት በ2009 ነው። እዚያ ጎብኚ አይገባም፤ ስለዚህ "ሮዙን አሳያችኋለሁ" ለሚላችሁ ገንዘብ አትስጡ።

የጋላፓጎስ ውበቱ እንስሳው ሰው አለመፍራቱ ነው። ኮሞዶ ይንቃችኋል፤ ጫሞ ይሸሻችኋል፤ እዚህ ግን ከቁብ አይቆጥራችሁም። ፖርቶ አዮራ ከተማ ውስጥ ወደቡ ላይ፣ መቀመጫ ሥር ተኝተው ሰው ያልፋቸዋል። ሕጉ ሁለት ሜትር ራቁ ይላል። ችግሩ አንዳንዴ እነሱ ናቸው የሚጠጉት።

ወጪው ከባድ ነው። የፓርኩ መግቢያ ብቻ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ለውጭ ዜጋ ከ100 ወደ 200 ዶላር አድጓል። ለኢጉዋና ብቻ ብሎ የሚሄድ ሰው አላውቅም፤ ኤሊውም ወፉም ስላለ ነው የሚያዋጣው። ከዋናው ኢኳዶር፣ ከጓያኪል ወይም ከኪቶ ትበራላችሁ። ጓያኪል ካደራችሁ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ መናፈሻ እዩ፤ አረንጓዴ ኢጉዋናዎች ዛፉንና ሣሩን ሞልተውታል። አይከፈልም።

አሜሪካና ዓረብ አገር ላላችሁ

ፍሎሪዳ ያላችሁ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ ነው። ማያሚና ፎርት ላውደርዴል አካባቢ ቦይ ዳር አረንጓዴ ኢጉዋና እንደ ድመት ነው። አገሩ አይደለም፤ ሰው ነው ያመጣው። ብርድ ሲመጣ ሰውነታቸው ደንዝዞ ከዛፍ ይወድቃሉ። በጥር 2020 የማያሚ የአየር ትንበያ ቢሮ "ኢጉዋና ሊወድቅባችሁ ይችላል" ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ሞተ ብላችሁ መኪና ውስጥ እንዳትጭኑት፤ ሲሞቀው ይነሳል። ኬፕ ኮራል ከተማ ደግሞ የእኛው አርጃኖ ተሰድዶ ገብቶ ከ1990 ጀምሮ ይራባል። ያገር ልጅ ነው፤ እዚያ ግን ወራሪ ተብሎ ይታደናል።

ሳዑዲና ኤምሬትስ ያላችሁ ዳብ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ጅራቱ እሾህ የሆነ፣ ሣር በል፣ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ግዙፍ ለማለት ይከብዳል። ሆኖም በጸደይ ጠዋት በረሃ ላይ ከጉድጓዱ አፍ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ማየት ዋጋው ነዳጅ ብቻ ነው።

"አውስትራሊያስ?" የሚልም አይጠፋም። ፔረንቲ የሚባለው እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ይደርሳል። ነገር ግን በረሃ ውስጥ ነው፤ ሳምንት ዞሮ ሳያይ የተመለሰ ብዙ ነው። እኔ አልመክርም።

ለመወሰን ያህል

ገንዘብ ካላችሁና "ትልቁን አይቻለሁ" ማለት ከፈለጋችሁ ሪንቻ። በጥቂት ወጪ ብዙ ድርጊት ማየት ከፈለጋችሁ ባንኮክ፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ሰው የምመክረው እሱን ነው። ልጆች ካሉ ባንኮክ ወይም ሲንጋፖር፤ ሪንቻ ላይ የሚሮጥና የሚጮህ ልጅ ጠባቂውን ያሳብዳል። ተኝቶም ተነስቶም ሰው የማይፈራ እንስሳ ከፈለጋችሁ ጋላፓጎስ። ዐሥር ሰከንድ ለማየት ግማሽ ቀን መጠበቅ የማይሰለቸው ሰው ካለ ጫሞ፤ ባይኖኩላር ይያዝ።

ሰዓቱ የትም አገር አንድ ነው። እንሽላሊት ደሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ መጀመሪያ ፀሐይ መሞቅ አለበት። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ የሄደ ሰው የሚያየው ጥላና ጅራት ነው።

ወዳጄ ትናንት ደወለልኝ። ለዕቃ ጓንዡ ሊሄድ ነው፤ በባንኮክ በኩል።

"አንድ ቀን ልጨምር እንዴ?" አለኝ።

"ጨምር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናፈሻው በር ሁን። መዝሙሩ እንዳያመልጥህ።"

"ኮሞዶስ?"

"እሱን ለግንቦት አስቀምጠው። እስከዚያ ሩፒያ ሰብስብ፤ በጥሬው።"